ከደም በፊት የሚደርስ ሰው፦ በጎንደር ሰፈሮች ጠብን ቀድሞ የማብረድ አሠራር

ጎንደር ላይ ሽማግሌ ጠፍቶ አያውቅም። ችግሩ የሚጠራበት ሰዓት ነው። ሽማግሌ የሚፈለገው ዱላው ካረፈ፣ ጩቤው ከወጣ፣ አንዱ ሆስፒታል ሌላው ጣቢያ ከገባ በኋላ ነው። ያኔ የቀረው ሥራ ደም ማድረቅ ብቻ ይሆናል። ይህ መመሪያ ከዚያ በፊት ስላሉት ሰዓታት ነው። ቂሙ ገና እግር ሳያወጣ የሚደርስ ሰው እንዴት ይመረጣል፣ ደርሶ ምን ይሠራል፣ ምን አይነካም የሚለውን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል።

አሠራሩ ለሰፈር ጠብ ነው፦ የቦኖ ወረፋ፣ የአጥር ድንበር፣ ከጎረቤት ጣሪያ የሚወርድ የአሸንዳ ውሃ፣ የእቁብ ዕዳ፣ የጠላ ቤት ነገር፣ የጎረምሶች ግብግብ፣ የበዓል ግፊያ። እገታና የታጠቁ ኃይሎች ግጭት የዚህ የገላጋዮች ቡድን ሥራ አይደለም። እዚያ ውስጥ እጁን የሰደደ የሰፈር ቡድን ብዙም ሳይቆይ «የእነ እገሌ ጆሮ» ይባላል። ከዚያ ወዲያ የቦኖ ጠብ እንኳ የሚሰማው የለም።

መጀመሪያ፦ ሰፈሩን ቆርጦ መያዝ

በክፍለ ከተማ ወይም በቀበሌ አትጀምሩ፤ ይሰፋባችኋል። አንድ እድር ያዙ። አባላቱ ከ200 አባወራ ካለፉ ለሁለት ክፈሉት። መለኪያው እግር ነው፤ ከቡድኑ አንዱ ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር በ10 ደቂቃ ማቋረጥ ካልቻለ ሰፈሩ በዝቷል ማለት ነው። ከማራኪ ተነሥቶ አዘዞ ድረስ የሚሮጥ ገላጋይ የሚደርሰው ለለቅሶ ነው።

የክርስቲያኑና የሙስሊሙ እድር የተለያየ በሆነበት ሰፈር አንዱን እድር ብቻ ይዞ መነሣት ስህተት ነው። ከሁለቱም እኩል ሰው ይግባ። ስብሰባውም አንድ ሳምንት በአንዱ፣ ሌላ ሳምንት በሌላው ቤት ይሁን።

ማን ይመረጥ

12 ሰው ይበቃል። 3 ሽማግሌዎች፣ 4 ሴቶች፣ 4 ወጣቶችና የእድሩ ጡሩንባ ነፊ። ጡሩንባ ነፊውን እንደ ተጨማሪ አትቁጠሩት፤ በሌሊት በር ቢያንኳኳ ማንም «ማነህ?» ብሎ ዱላ የማያነሣበት ሰው እሱ ነው።

ከሴቶቹ አንዷ ጠላ ወይም አረቄ የምትሸጥ ብትሆን ይመረጣል። ማን ማንን በክፉ ዓይን እንዳየ፣ ማን ከወትሮው አብዝቶ እንደጠጣ፣ ማን «ዛሬ አሳየዋለሁ» ብሎ እንደወጣ ከሁሉ በፊት የሚሰማው እሷ ቤት ነው። ከወጣቶቹ አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ ሌላው ፑል ቤት ወይም ጆተኒ አካባቢ የሚውል ይሁን። ጨዋ፣ ተመራቂ፣ ማታ በጊዜ የሚገባ ልጅ ብቻ መምረጥ ዘወትር የሚፈጸም ስህተት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ሪፖርት ይጽፋል፤ ጎረምሳው ግን አይሰማውም። ራሱ ትናንት ሲደባደብ የነበረና ዛሬ የተወው ሰው አንድ ቃል ቢናገር ይደመጣል። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቺካጎ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ የጀመረው ሐኪም ጋሪ ስለትኪንም መንገዱ ይኸው ነበር። ሶማሊያ ውስጥ በስደተኞች መካከል ወረርሽኝ ሲከላከል የቆየ ሰው ነው። ጠብም እንደ ተላላፊ በሽታ ከሰው ወደ ሰው ይጋባል ብሎ ተነሣ፤ መልእክተኞቹንም የመረጠው ጎዳናውን ኖረው ከሚያውቁት ነው።

የማይገቡት እነማን ናቸው? በሥራ ላይ ያለ ፖሊስ፣ የቀበሌ ሹም፣ የፓርቲ ሰው፣ አራጣ አበዳሪ፣ ክስ ያለበት፣ መጠጥ የማይችል። ፖሊስና ቀበሌ ቡድኑ መኖሩን፣ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ አስቀድመው ይወቁ፤ አባል ግን አይሁኑ። በተለይ የሰዓት እላፊ ወይም የስብሰባ ክልከላ ባለበት ወቅት ሳያሳውቁ ማታ መንቀሳቀስ ለራስም ያሰጋል።

የጠብ ደብተር

አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙና አምስት ረድፍ አስምሩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ መነሻ፣ በምን በረደ። ስም አይጻፍም። ደብተሩ አንድ ቀን በማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅምና ስም የተጻፈበት ደብተር ራሱ ጠብ ይጠራል። «ሁለት ጎረቤት፣ አጥር» ይበቃል።

ሦስት ወር ሳትታክቱ ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ዘርግታችሁ ስታዩት ጠቡ በሰፈሩ ሁሉ እኩል እንዳልተበተነ ትረዳላችሁ። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ላይ ይከመራል፦ ቅዳሜ ገበያ ሲበተን፣ ማታ ጠላ ቤት ሲዘጋ፣ ውሃ በመጣ ሌሊት። ብዙው ሥራ የሚቀልለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውን ከመምከር ቦታውን ማስተካከል ይቀድማልና። የጠፋ አምፖል ማስተከል፣ የአሸንዳውን አፍ ወደ ቦይ ማዞር፣ የድንበር ችካል በምስክር ፊት መትከል።

የቦኖውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቢጫ ጀሪካኑ ከዋዜማው ይሰለፋል፤ ሰው ቤቱ ይተኛል፣ ጀሪካኑ ግን ቆሞ ያድራል። ሌሊት አንዱ ይገፋል፣ አንዱ በመሃል ይገባል፣ ጠዋት «ጀሪካኔን ማን ነካው?» ይባላል፤ ከእናቶች ቃል ወደ ልጆች ቡጢ፣ ከዚያ ወደ አባቶች ዱላ ይሄዳል። መፍትሔው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጀሪካን ላይ የቤት ቁጥር በቀለም ይጻፍ። በአንድ ዙር ከሁለት ባለ 20 ሊትር በላይ አይቀዳ፤ የጨረሰ ከኋላ ይሰለፍ። ወረፋ የማይጠብቁት እነማን እንደሆኑ (ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ ሐዘን ቤት፣ አቅመ ደካማ) አስቀድሞ ስምምነት ተደርሶበት በቦኖው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በዕለቱ የሚፈቀድ ልዩነት ሁሉ አድልዎ ይመስላልና። ወረፋ ጠባቂው በየሳምንቱ ይቀየር። ጠባቂ ሁለተኛ ወሩን ከያዘ የእህቱ ጀሪካን ወደ ፊት መሄድ ይጀምራል። ክፋት ኖሮበት ላይሆን ይችላል፤ እህቱ ናት።

ጠቡ ሲነሣ፦ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች

1. ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ብቻውን የሄደ አንዱን ሲይዝ ሌላው ይለቀቅበታል። አምስት ሆነው የሄዱ ደግሞ ራሳቸው ግርግር ይሆናሉ። ሦስተኛ ሰው ካለ ከዳር ቆሞ ሕፃናትን ያርቅ፣ ስልክ ይደውል።

2. ከሁሉ በፊት እጅ እዩ። ቀጥሎ መሬት፦ ድንጋይ፣ ጠርሙስ፣ ፌሮ፣ አካፋ አለ? ሦስት እርምጃ ርቀት ጠብቁ። ሽጉጥ፣ ክላሽ ወይም ቦምብ ካያችሁ ሥራው ተለውጧል። ሰው አሽሹ፣ ራቁ፣ ፖሊስ ጥሩ። እዚህ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም።

3. እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ሰው ያዙ፣ ከፊት ለፊቱ። ከኋላ ማነቅ ወይም እጅ ማጥመድ የለም። በአገራችን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በዚህ ነው። ገላጋይ ነኝ ባይ የአንዱን እጅ ጠፍሮ ይይዛል፣ ሌላው እንደ ልቡ ይመታዋል። ከዚያ የተመታው ሰው ቂም የሚይዘው ከመታው ይልቅ በያዘው ላይ ነው፤ የገላጋዩም ቤተሰብ ሦስተኛ ወገን ሆኖ ይገባል።

4. ንግግር። «ተረጋጋ» አትበሉ፤ የተቆጣ ሰው «እብድ ነህ» እንዳላችሁት ነው የሚሰማው። «አንተም እኮ ጥፋት አለብህ» ደግሞ ቤንዚን ነው። በሚከበርበት መጠሪያ ጥሩትና ትንሽ፣ ተጨባጭ ነገር ጠይቁት፦ «ጋሼ፣ ልጁን ማን ይዞታል?» «ወንድሜ፣ ጫማህ ወልቋል፣ ና እናንሣው።» ጎንበስ ብሎ ጫማውን የፈለገ ሰው ለቅጽበት ዓይኑን ከባላጋራው ነቅሏል፤ የምትፈልጉት ያችን ቅጽበት ነው። ቀጥሎ በክብር የሚወጣበት በር ስጡት፦ «ለእኔ ስትል»፣ «ስለ እመቤቴ»፣ «በአላህ ይሁንብህ»። ወንድ ለወንድ ከሚለምን እናት ብትለምን ይሻላል። እማማ ነጠላቸውን ይዘው መሃል ከቆሙ ተቆጪው ቢመለስም «ፈራ» አይባልም፤ «እናት አከበረ» ይባላል።

5. ተመልካቹን ሥራ ስጡት። ጠቡን የሚያሞቀው ከዳር ሆኖ «ወንድ አይደለህም?» የሚለው ነው። አትስደቡት፣ አትገፍትሩት፤ «አንተ ሮጥ በል ውሃ አምጣ»፣ «አንተ ባጃጅ ጥራ» በሉት። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጸውን በጨዋ ቃል አስከድኑት። ቪዲዮው ከተለቀቀ ሁለቱም ወደ ኋላ መመለስ ያፍራሉና።

6. ወደ ተለያየ አቅጣጫ ውሰዷቸው። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ያልጠጣው ወይም በዕድሜ የገፋው ይሁን፤ እሱ ይቀላል። ማንንም ወደ መጠጥ ቤት አታስገቡ፣ «አንድ ልጋብዝህ» ብሎ ማብረድ ለሁለት ሰዓት ብቻ የሚሠራ መድኃኒት ነው።

የተጎዳ ካለ ደሙን በንጹሕ ነጠላ ወይም ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ ቶሎ ቶሎ እየገለጣችሁ አትዩ። ጨርቁ ከራሰ ላዩ ላይ ሌላ ደርቡ። የተሰካ ጩቤ አይነቀልም፤ ሲነቀል ነው ደሙ የሚፈስሰው። ባለበት ዙሪያውን በጨርቅ ደግፋችሁ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አድርሱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የአካባቢያችሁን ፖሊስ ጣቢያ ቁጥር ግን በደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉና ዛሬውኑ ደውላችሁ መሥራቱን አረጋግጡ።

እስከ ነገ ጠዋት

ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጠቡ በረደ፣ ሰው ተበተነ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ ይተኛል። ቀን የነበረው ግን ግፊያ ነው። ሌሊት የሚመጣው ከወንድሞቹ ጋር፣ መሣሪያ ይዞ ነው። ስለዚህ በዚያው ምሽት ሁለቱም ቤት ይኬዳል። መጀመሪያ የተመታው ወይም የተሰደበው ቤት ግቡ፤ ቀድሞ የመታው ቤት ከተገባ «ለእሱ አደሉ» ይባላል። ቡና ከቀረበ ጠጡ፣ ከጠጣችሁ ግን በሁለቱም ቤት ጠጡ። ጠላና አረቄ በሁለቱም ቤት ይቅር።

እዚያ ሆናችሁ አራት ነገር ጨርሱ።

ዘመድ። የተመታው ሰው ወይም እናቱ ለማን እንደደወሉ ጠይቁ። ገጠር ያለ ወንድም በስልክ የሚሰማው ወሬ አብጦ ነው የሚደርሰው፤ «ተመታ» የተባለው «ሞተ» ሆኖ። ራሱ የተመታው ሰው በድምፁ «ደኅና ነኝ፣ ሽማግሌ ይዞታል፣ አትምጣ» ይበለው። ሌላ ሰው ቢነግረው አያምንም።

መሣሪያ። ሽመል፣ መጥረቢያ፣ ገጀራ ቤት ውስጥ ካለ የቤቱ እናት ወይም ሚስት ወደ ሌላ ቤት ያዛውሩት፤ ለእነሱ ንገሯቸው እንጂ በእሱ ፊት አትነጋገሩበት። ጠመንጃ ግን የተለየ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን ከፈቃድ ጋር አስሮታል፣ ስለዚህ የሰው ጠመንጃ «ላስቀምጥልህ» ብላችሁ ቤታችሁ አታስገቡ። ባለቤቱ ራሱ ቆልፎ ቁልፉን ለአባቱ ወይም ለነፍስ አባቱ እንዲሰጥ ለምኑት፤ እንቢ ካለና ከዛተ ለፖሊስ መንገር ግድ ነው።

መኝታ። ከሁለቱ አንዱ ለሦስት ሌሊት አክስቱ ወይም እህቱ ዘንድ ይደር። የሚሄደው «ሸሸ» እንዳይባል ምክንያት ፈልጉለት፦ የታመመ መጠየቅ፣ የቤት ጣሪያ ማገዝ።

ቀጠሮ። ታረቁ አትበሉ፤ ገና ነው። «እስከ እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እጄን አላነሣም» የሚል ቃል ብቻ ተቀበሉ፣ ከእያንዳንዱ ወገን አንድ ተያዥ ይጥሩ። ተያዡ ተቆጪው የሚያከብረው ሰው ይሁን፤ ባለጸጋ መሆኑ አይጠቅምም። ቀኑ የታወቀ ቀጠሮ ትልቅ ነገር ነው። ተቆጪው ለወንድሞቹ «ተዉኝ፣ በሽማግሌ ተይዣለሁ» የሚልበት ምክንያት ያገኛል። እናንተ ግን እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካልተገኛችሁ ቀጠሮው ራሱ ንቀት ይሆናል።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሥራ ሳይወጡ፣ ሁለቱንም ደግማችሁ እዩአቸው። ስካሩ ሲለቅ ኀፍረት ይመጣል፤ ያፈረ ሰው ወይ ይለዝባል ወይ ይብሳል።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩን ለሽማግሌ አስረክቡ። እያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ይምረጥ፣ አራቱ አምስተኛውን ይሰይሙ። ያገላገለ ሰው ሽማግሌ ሆኖ አይቀመጥ። ፈራጅ ከሆነ አንዱ ወገን ይቀየመዋል፣ በሚቀጥለው ጠብ ላይም በሩን አይከፍትለትም። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው ሥሩን መቆፈር የሽማግሌው ድርሻ ነው፤ የእናንተ እሳቱን ማጥፋት።

ወሬ

በሚያዝያ 2014 ጎንደር ውስጥ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት አጥፍቶ ዳፋው ሌሎች ከተሞች ድረስ ደርሷል። ወሬ ከእግር ይፈጥናል። ስለዚህ «እንዲህ ሆነ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ሲመጣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን በዓይኑ አየ? የት ቦታ? ስንት ሰዓት? ሦስቱ ካልተመለሱ አታስተላልፉ፤ ቦታው ላይ ሁለት ሰው በእግር ላኩ። ያዩትን በአጭሩ፣ በአንድ ዓይነት ቃል፣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም በአንድ ሰዓት ይነገር። «ቤተ እምነት ተቃጠለ የተባለው ሐሰት ነው» አትበሉ፤ ከዓረፍተ ነገሩ ሰው የሚይዘው «ተቃጠለ» የሚለውን ነው። «ካህናቱና ሼሁ አሁን እዚያው አብረው ቆመዋል» በሉ፣ እውነት ከሆነ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ 1185/2012 አስተላላፊንም ሊያስጠይቅ እንደሚችል ለወጣቶቹ ንገሯቸው።

ጥምቀት

ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ጎረምሳው በየሰፈሩ ሆ እያለ ይወጣል። ብዙው ጭፈራ ንጹሕ ደስታ ነው። የሚበላሸው መንገድ በሚጠብበት፣ ሁለት ቡድን ፊት ለፊት ሲገናኝና አንዱ በፉከራው የሌላውን ሰፈር ስም ሲያነሣ ነው። ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት የአጎራባች ሰፈሮችን የጭፈራ መሪዎች አገናኙ፤ ሰው ሁሉ ሳይሆን ሆ የሚያስብሉትን ሁለት ሁለት ልጆች። በሦስት ነገር ይስማሙ፦ በቡድኖች መካከል 20 እርምጃ ይኑር፣ የሰፈርና የሰው ስም በፉከራ አይነሣ፣ ዱላው ለጭፈራ ከፍ ይበል እንጂ አይወዛወዝ። በጠባቡ መታጠፊያ ላይ ሁለቱንም ቡድን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይቁሙ። ከመውረዱ ይልቅ ጥር 11 መመለሻው ያሰጋል፤ ሰው ደክሟል፣ ጠጥቷል፣ ካህናትና እናቶች ወደ ፊት ቀድመዋል። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ሲመለስም ቡድኑ መበተን የለበትም።

በእርቅ የማይዘጋ

ባል ሚስቱን ሲደበድብ «የቤት ገመና ነው» ብሎ ሽማግሌ መላክ ብዙ ጊዜ እሷን ወደ ዱላው መመለስ ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን እንደ ወንጀል ይቆጥራል። እዚህ ላይ የምትሄደው ሴት አባል ናት፤ እሱ በሌለበት ሰዓት፣ እሷ በፈለገችው ቦታ። አስገድዶ መድፈር ከሆነ ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር ሆስፒታል ትድረስ፤ ከቀየረችም ልብሱ ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ይያዝ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ሽምግልና ሦስት ቀን ከወሰደ ያ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። በሕፃን ላይ የደረሰ ጥቃትም እንዲሁ ወደ ሕግ ይሄዳል። በግድያና በከባድ የአካል ጉዳት እርቅ ለቤተሰቦቹ ሰላም ሊያወርድ ይችላል፣ ክሱን ግን አያስቀርም፤ «ከታረቃችሁ ይለቀቃል» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ገንዘብ

ወጪው ትንሽ ነው፦ ደብተር፣ ሁለት ባትሪ፣ የስልክ ካርድ፣ የባጃጅ። ከእድሩ ይውጣና በየወሩ በአባላት ፊት ይነበብ። ከተጣሉት ወገኖች ሳንቲም አትቀበሉ፤ «ለምሳ» የተባለ 200 ብር ሰፈር ሲዞር 2000 ይሆናል። ማንም አባል በተከታታይ ከሁለት ሳምንት በላይ የሌሊት ተረኛ አይሁን። የደከመ ሰው ይቆጣል፣ የተቆጣ ገላጋይ ደግሞ ራሱ ገላጋይ ያስፈልገዋል።

ሰው ከሞተ

አንዳንዴ አይደረስም። ያን ጊዜ ቡድኑ ለቅሶ ቤት የሚገባው እንደ ጎረቤት ነው፤ ስለ እርቅ አንድ ቃል አይነሣ። የገዳይ ቤተሰብ በዚያው ቀን ከሰፈሩ ራቅ ይበል፤ ሕፃናቱ ጭምር። የደም ነገር በሐዘን ቀናት ያገረሻል፤ ስለዚህ በደብተሩ ላይ ሠልስቱን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን ምልክት አድርጉ፤ ሟቹ ሙስሊም ከሆነ የሐዘን ቀናቱን ከቤተሰቡ ጠይቁ። በእያንዳንዳቸው ዋዜማ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የሟች ወንድሞች የሚያከብሯቸው ሁለት ሰዎች እነሱ ዘንድ ያምሹ፣ አብረዋቸውም ይደሩ።